«ተበላሸ» ወይስ «አበላሸሁ»?

አማርኛችን አንድ ምቹ መደበቂያ አለው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ብርጭቆው ተሰበረ» ይላል። ልጅ ብቻ መሰላችሁ? በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ «ተወስኗል»፣ «ታምኖበታል»፣ «ሳይፈጸም ቀርቷል» እየተባለ ይጻፋል። ማን ወሰነ? ማን ሳይፈጽም ቀረ? ግሡ አይናገርም።

የቡድን ሥራ የምንለውም ብዙ ጊዜ የዚሁ ግሥ ታናሽ ወንድም ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ተስፋፍቶ የነበረውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት አስታውሱ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ውጤት ሲመጣ ሁሉም እኩል! ታታሪዋ ተበደለች ብንል እውነት ነው። የባሰ የተበደሉት ግን ምንም ሳይሠሩ ያለፉት ናቸው ባይ ነኝ፤ በሰው ላብ ማለፍ እንደሚቻል ተምረዋልና።

ተማሪዎች ተሰባስበው አጭር ፊልም ሲሠሩ ይህ መደበቂያ ይጠባል። ፊልም እንደ ደቦ አይደለም። ደቦ ላይ ሁሉም ያጭዳል፤ አንዱ ቢለግም ሌላው ይሸፍንለታል። ካሜራ የያዘው ልጅ ግን ድምፅ ለሚቀዳው ሊሸፍንለት አይችልም። ቀጂው ማዳመጫውን አውልቆ ሲያወጋ ያለፈው የሚኒባስ ጥሩምባ ኤዲቲንግ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ክላፕ መምታት የሕፃን ሥራ ይመስላል፤ ካልተመታ ግን ምስልና ድምፅ ሲያገጣጥም የሚያድር ሰው አለ። ያኔ «ተበላሸ» ቢባል ማን ያምናል? መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የስም ዝርዝር «ድምፅ፦ እገሌ» የሚል ተጽፏላ!

«ታዲያ ይሄ ጥፋተኛ ማደን አይሆንም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በሞስኮ በተቋቋመው የፊልም ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ አንድ የታወቀ ሙከራ አለው። የአንድን ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጎን ቀጠለው። ተመልካች በመጀመሪያው ረሃብን፣ በሁለተኛው ሐዘንን አየ። ፊቱ ግን ያው ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻም እንዲሁ ነው፤ በስሙ ይጠየቅበታል፣ ትርጉም የሚያገኘው ግን ከሌሎቹ ጋር ሲቆም ነው። ይህን ያወቀ ልጅ የጓደኛውን ስሕተት እንደ ባዕድ ጥፋት አያየውም።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው ሲቆረጥ ነው። አንዷ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ የቀረጸችው ትዕይንት ለታሪኩ አይመችም ተብሎ ይወጣል። ግፍ ነው? እኔ ግፍ የምለው «ተቆረጠ» ብሎ ማለፍን ነው። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ምክንያቴም ይህ ነው» የሚላት ካለ ግን ቅር ቢላትም አልተዋረደችም። መከራከር ትችላለች፤ የምትከራከረው ሰው ፊቷ አለና።

ስለዚህ መምህሩ ለፊልሙ አንድ ማርክ፣ ለየድርሻው ደግሞ ሌላ ማርክ ቢሰጥ ፍትሕ ይመስለኛል። የአምስት ደቂቃዋ ፊልም ተረስታ ብትቀርም ግድ የለም። ነገ ቃለ ጉባኤ የሚጽፉት እነዚሁ ልጆች ናቸው። «ተወስኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያዩ «በማን?» ብለው ከጠየቁ ትምህርቱ ገብቷቸዋል።