14 ግራም እሳት

መቼም ሰው እየጎለመሰ ሲሄድ ተራራ መውጣት ያምረዋል። እኔም አማረኝና በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአምቦ ተነስቼ፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው ዳገት ወንጪ ሐይቅ ሄድኩ። «ገበታ ለአገር» ወደዚያ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት የምኮራባት ነገር ነበረች። ውጭ አገር የሚኖር ወዳጄ ያመጣልኝ፣ ስትታጠፍ የሲጋራ ፓኮ የምታክል የቆርቆሮ ምድጃ። ነዳጇ ላምባ አይደለም፣ ከሰልም አይደለም፤ ነጭ፣ ደረቅ እንክብል ነው። ክብሪት ሲያስጠጉት ይይዛል። አንዱ 14 ግራም ይመዝናል፣ 12 ደቂቃ ያህል ይነዳል፣ ነፋስ ካልረበሸው ግማሽ ሊትር ውኃ ያፈላል። ኤሪክ ሹም የሚባል ጀርመናዊ በ1936 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ «ኤስቢት» የሚለው መጠሪያም ከሰውየው ስም የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር ይዞት ዘምቷል። ዛሬ ደግሞ ሸክም ለመቀነስ ሲሉ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር የሚቆርጡ ፈረንጅ ተጓዦች ይወዱታል። (በአውሮፕላን መጫን ክልክል መሆኑን ወዳጄም እኔም የሰማነው ኋላ ነው።)

እውነቱን ለመናገር የኮራሁት በክብደቷ ማነስ ብቻ አልነበረም። ማንንም ሳላስቸግር፣ የማንንም ደጅ ሳልጠና፣ የራሴን ቡና በራሴ እሳት! ከዚህ የበለጠ ጨዋነት ምን አለ?

ከሐይቁ በላይ፣ አንድ አጥር ጥግ ከነፋስ ተከልዬ እንክብሏን ለኮስኩ። ውኃው ገና እንፋሎት ሲጀምር አንዲት እናት ከጎጆው ወጥተው ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰው የሌለበት ቤት መስሎህ ነው?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ላላስቸግርዎ ብዬ ነው፣ እናቴ።»

«ማን አስቸገርከኝ አለህ? እኔ ቤት እሳት ጠፍቶ ያውቃል?»

አፈርኩ። ያንን ያህል የኮራሁበት ጨዋነት ለእሳቸው ስድብ ነበር። እሳቴን አጥፍቼ ገባሁ። የማሰሮዬ ቂጥ በሚያጣብቅ ጥላሸት ተለውሶ ነበርና ከደጅ ተውኩት። ቡና ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ አቦል ቀረበ። «እንግዲህ ትምህርቴን አገኘሁ» አልኩ በልቤ። ብዙ ጊዜ ሰውን ላለማስቸገር የምንለው ሰውን ከማክበር ሳይሆን የሰው ውለታ ላለመግባት ነው። ውለታ የሌለበት ሰው የፈለገው ጊዜ ተነስቶ ይሄዳል፤ የሚጠይቀውም የለም። ይህን እያሰብኩ ራሴን ሳመሰግን ቶናው ላይ በሩ ጨለመ።

አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ከወገቧ ታጥፋ፣ ከራሷ በላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ጭራሮ ተሸክማለች። አራግፋ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ሰላም አለችኝ። ጠዋት የወጣች ናት፤ ያኔ ቀትር አልፏል። እሷ ዘወር ስትል ሸክሙን ለመሞከር ያህል አነሳሁት። ከመሬት ተነሳልኝ፤ ጀርባዬ ላይ ግን ላደርገው አልቻልኩም።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ትምህርቴ ተበላሸ። የጠጣሁት አቦል በዚህች ልጅ ጀርባ የመጣ ነው። ደጅ ብቀር ባለቤቷን አዋርዳለሁ፤ ብገባ ልጅቷን እጭናለሁ። በረካውን ትቼ ልነሳ አሰብኩ። ግን በረካ ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ተቀመጥኩ። እሳቱ እንዳይጠፋ ልጅቷ ሁለት እንጨት ጨመረች።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ አንድ ሰው ነህ። በወር መቶ መንገደኛ በየቤቱ ቡና ቢፈላለት ዛፍ ይተርፋል? ያንተ እንክብል ነው ትክክሉ» አለኝ። በስሌቱ አሸነፈኝ፤ መልስ አጣሁለት። እኔ ግን መቶ መንገደኛ ሆኜ አልነበረም እዚያ ደጅ የቆምኩት፤ እሳቸውም የጠሩት አንዱን ነው። አንዱን እንደ መቶኛ ክፍል መቁጠር ደን ያተርፍ ይሆናል፤ ሰውየውንና ባለቤቷን ግን ከቁጥር ውጪ የሚያያቸው የለም። ደግሞ እንክብሉስ ቢሆን ከሰማይ አልወረደ። ከፎርማልዴሃይድና ከአሞኒያ የሚሠራ ነው፤ ከሆነ ፋብሪካ የሆነ ሰው ጢሱን ስቦለታል። እኔ ስላላየሁት ቀለለኝ እንጂ።

ስሰናበት ገንዘብ አወጣሁ፤ እናትየዋ ፊታቸውን አዞሩ። የቀሩኝን እንክብሎች ብሰጥስ ብዬ አንዱን አሳየኋቸው። አሸተቱት።

«ምን የሞተ ዓሣ ነው?» ብለው መለሱልኝ። ደግ አደረጉ፤ ሲነድ ጢሱ መርዛም ስለሆነ ጎጆ ውስጥ የሚለኮስ ነገር አይደለም።

በዓመቱ ስመለስ ምድጃዋን ቤት ትቼ ሁለት ኪሎ ቡና፣ ሦስት ኪሎ ስኳርና አንድ ደብተር የሞላ ፌስታል ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ አራቴ አርፌያለሁ። እናትየዋ አወቁኝ፤ ቡናውን ተቀብለው መረቁኝ፣ ወዲያው እሳት ይቆሰቁሱ ጀመር። ደብተሩን ይዤ ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቅኳቸው።

«እንጨት ልትለቅም ሄዳለች፤ አሁን ትመጣለች፣ ተቀመጥ» አሉኝ።