ሽቦው በማን ጣሪያ ያልፋል?

ቤቴ ኢንተርኔት ላስገባ ነው ብዬ ምክር የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነት አወራኝ። አንዱ «ፋይበር አስገባ፣ ሌላው ቀልድ ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «በዚህ ዘመን በሽቦ ምን አንገላታህ? ሲም የሚገባበትን ሞደም ገዝተህ ሶኬት ላይ መሰካት ነው፣ አለቀ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሦስተኛው ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ «የኔ ቤትም ቢሮም ይቺው ናት» አለ። ሁሉም ልክ ናቸው። ስለ ጎረቤቴ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም።

መቼም ለመምረጥ መብቃታችን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በስልክ መስመር ነበር የምንገባው፤ ሞደሙ እየጮኸ፣ እያቃሰተ እስኪገናኝ ድረስ ቡና ይደርሳል። እኛ ኢንተርኔት ላይ ሳለን የሚደውል ዘመድ ደግሞ «ተይዟል» እየተባለ ይውላል። ዛሬ መዳቡ አለ፣ ፋይበሩ አለ፣ በአየር የሚመጣው አለ። ከ2015 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ስለጀመረ ሻጭ ማማረጥም መጥቷል።

ልዩነታቸው እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው። መዳቡ የድሮው የስልክ ሽቦ ነው፤ ቤትዎ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። ፋይበሩ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ ብርሃን ይልካል። ርቀት ብዙም አይበግረውም፤ ቤት ውስጥ ያለችው ሣጥን ግን ኤሌክትሪክ ስለምትፈልግ መብራት ሲሄድ አብራ ትሄዳለች። የአየሩ ከስልክ ማማ ይመጣል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከአንድ ማማ ስለሚቀዳ፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲሰበሰብ እንደ ቦኖ ውሃ ወረፋ ይበዛበታል።

እኔ ፋይበሩን መረጥሁ። ሊዘረጉ የመጡት ልጆች ወደ ላይ አንጋጠጡና ገመዱ ከእንጨቱ ወደ እኔ ቤት ለመድረስ በጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ማለፍ እንዳለበት ነገሩኝ። ጎረቤቴ እማማ የምንላቸው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። እየተሽኮረመምሁ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ታዲያ ይለፍ! ጣሪያው ምን ይሆናል?» አሉኝ። ስለ ክፍያ አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ውለታ ላለመዋል ብዬ ግን የዋይፋዩን ፓስወርድ ለልጁ ሰጠሁት። ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ነበር።

አንድ ሁለት ወር በሰላም አለፈ። ከዚያ አንድ ምሽት ውጭ አገር ካለች ልጄ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ፊቷ ደርቆ ቀረ። ድምጿ ተቆራረጠ። ምስሉ መለስ አለና እንደገና ደረቀ። «ይሄ ልጅ ፊልም እያወረደ ነው!» አልሁ። ማረጋገጫ አልነበረኝም፣ አልፈለግሁምም። ስልኩን ዘግቼ ፓስወርዱን ቀየርሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ልጁም አልጠየቀኝም። ለካ እሱን ያህል ዝም ማለት የሚችል ሰው የለም።

ከሦስት ቀን በኋላ እማማን በር ላይ አገኘኋቸው። «ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ያ ሽቦህ ቆርቆሮውን እየመታ አስቸገረኝ፤ እንዳይበጠስብህ ብዬ ልጁን አስወጥቼ አሳሰርኩልህ» አሉኝ። ልጁ ፓስወርዱ ከተቀየረበት በኋላ ነው የወጣው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ እሱ የተከለከለውን ሽቦ ለእኔ አስሮልኛል። ለአያቱም ምንም አልነገራቸውም።

ለአንድ ወዳጄ ይህን ብነግረው፣ «ምን ያስጨንቅሃል? ውሉ በስምህ፣ ገንዘቡ ያንተ። ሰጠህ፣ ነሳህ» አለኝ። እውነት አለው። በመስመሬ የሚሠራው ሁሉ በእኔ ስም የሚቆጠር መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ወዳጄ የቆጠረው እኔ የሰጠሁትን ብቻ ነው። የተቀበልሁት የት ሄደ? የወር ሂሳቤ ላይ ፍጥነቱ አለ፣ ዋጋው አለ፤ የእማማ ጣሪያ የለም። ደረሰኝ የማይቆረጥለትን ነገር ስንቶቻችን ነን ከዕዳ የምንቆጥር?

ያኔ ነው የአየሩ ኢንተርኔት ለምን እንደሚያጓጓን የገባኝ። ርካሽነቱና ምቾቱ እንዳለ ሆኖ፣ የማንንም በር አያስኳኳም። ጣሪያዎን አልፍ ዘንድ ይፍቀዱልኝ አያሰኝም። ይህን ለማለት የማይችል ሰው ይኖራል፤ ተከራይ ነውና ግድግዳ መብሳት አይፈቀድለትም፣ ነገ ይለቃል። እሱ አየሩን ቢመርጥ ልክ ነው። እኔ ግን የራሴ ቤት ይዤ፣ ሞደሙን አለመግዛቴ የቆጨኝ ጎረቤት ላለማስፈቀድ ብዬ ነበር። ደግሞስ የአየሩ ከማንም ነፃ ያወጣል ያለው ማነው? ማማውም እኮ የሆነ ሰው መሬት ላይ ወይም ሕንፃ አናት ላይ ነው የቆመው። ልዩነቱ ሽቦው የሚያልፍበትን ጣሪያ ያሳያል፣ ማማው ይሰውረዋል። ፈጣኑን እንምረጥ፣ ርካሹን እንምረጥ፤ ከሰው የሚገላግል ዓይነት ግን ገበያ ላይ የለም።

በነጋታው ልጁን መንገድ ላይ አስቆምሁትና አዲሱን ፓስወርድ ሰጠሁት። «ሁለተኛ ሳልነግርህ አልቀይረውም። ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ከልጄ ጋር ስለማወራ ከባድ ነገር አታውርድ» አልሁት። «እሺ ጋሼ» አለና ጥቂት ቆይቶ፣ «ፊልም አይደለም፣ የፊዚክስ ትምህርት ነበር» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ «በርታ» ብዬው አለፍሁ።

ለእማማ እስካሁን አልነገርኋቸውም። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ቆርቆሮው ዝም ብሏል፤ ጥሩ አድርጎ ነው ያሰረው።