የጎረቤቴ ሺህ ብር

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ የናዝሬት ዋና መንገድ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዙት ምእመናን ብዙዎቹ እዚህ ቆም ብለው ሻይ ቡና ይላሉ። አንድ ዓመት እኔም ከእነርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ ስለት ነው። አንዱ ምንጣፍ ይዟል፤ ሌላዋ ያማረ ጥላ አሠርታለች፤ ሦስተኛው በሬ ተስሎ ዋጋውን ይዞ ይሄዳል። ዳር የተቀመጡ አንዲት እናት ግን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ጧፍ ቀስ ብለው ወደ ጉያቸው ሲሸሽጉ አየኋቸው። ማንም አልናቃቸውም፤ ምን እንደያዙም የጠየቃቸው አልነበረም። ያሳፈራቸው የሌሎቹ ስለት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ለእርሳቸው አዘንኩ። በሽታው የእኔም መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ለመሆኑ ሰው ፈጣሪውን ለማመስገን በወጣበት መንገድ ላይ እንኳ ከጎኑ ያለውን የሚለካው ለምንድን ነው?

እኔ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት በሰበካችን ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የሰጪው ስምና የገንዘቡ ልክ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ እልልታ ይከተላል። አብሮ አደጌ የሆነ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ከመቂ ሽንኩርት እያመጣ ይነግዳል፤ በአንድ ጽዋ ማኅበር እንጠጣለን። በዚያ እሑድ የእርሱ ስም ከ1,000 ብር ጋር ተጠራ። በኪሴ 600 ብር ነበረኝ፤ የታላቅ እኅቴ የስኳር በሽታ መድኃኒት መግዣ ነው። እግሬ እንዴት ወደ ጠረጴዛው እንደወሰደኝ ዛሬም አላውቅም። «መምህር እገሌ፣ 600 ብር!» ተባለ። እልል ሲባል፣ ጎረቤቴ ሰምቶ እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ከአንድ ሽማግሌ ጋር እያወራ ነበር።

እኅቴ አልተቆጣችኝም። «እግዚአብሔር ቤት ገባ፤ ምን ይደረጋል» ብላ ዝም አለች። የቀራትን መድኃኒት እየቆጠበች መውሰድ መጀመሯን ግን አልነገረችኝም። በአራተኛው ሌሊት ራሷን ሳተች። የማንን በር ያንኳኳሁ ይመስላችኋል? የዚያኑ ጎረቤቴን ነው። በፒካፑ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት፤ የመድኃኒቱን ሒሳብ ከፈለ፤ እስኪነጋም አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮኝ ተቀመጠ። እኅቴ ተረፈች። እኔ ስወዳደረው የኖርኩት ሰው ውድድር መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። እንቁራሪት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች ይባላል። እኔ ስነፋ ግን ልትሰነጠቅ የነበረችው እኅቴ ናት።

በዚያ ሌሊት በሉቃስ ወንጌል ያለው የፈሪሳዊውና የቀራጩ ምሳሌ ትዝ አለኝ። ፈሪሳዊው እጾማለሁ፣ አሥራት አወጣለሁ ሲል አልዋሸም። ጸሎቱን ያበላሸው ዓይኑ ወደ ጎን መሄዱ ነው። ቀራጩ ግን ፈሪሳዊው በዚያ መኖሩን ያየም አይመስልም፤ ጉዳዩ ከፈጣሪው ጋር ነበር። ጴጥሮስም የራሱ መጨረሻ ከተነገረው በኋላ ዞር ብሎ ስለ ዮሐንስ ጠየቀ፤ ያገኘው መልስ ባጭሩ ያ አንተን አይመለከትህም የሚል ነው። ንጽጽር ቅናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በራሳችን ባበቃ ነበር። እኔ ግን ወደ ጎን ሳይ ከፊቴ ያለችውን እኅቴን አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስንክሳር ዕለት ዕለት የሚነበበው፣ ገድል የሚተረከው፣ ራሳችንን ከቅዱሳን ጋር እንድናስተያይ አይደለምን? ነው እንጂ። ዳሩ ግን አርአያ የሚከተል ሰው «መንገዱ በየት ነው?» ይላል፤ የሚወዳደረው ደግሞ «እኔ ስንተኛ ነኝ?» ይላል። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ፣ በከተማ የሚኖር አንድ ሐኪም የእርሱ አቻ መሆኑ እንደተገለጠለት የአበው ዜና ይነግረናል። ሐኪሙ የተረፈውን ለድሆች የሚሰጥ፣ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው ነበር። ታሪኩ እንጦንስ ሐኪም ይሁን፣ ሐኪሙም ይመንኩስ አይልም።

በሽታው የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። የሜኖናይት ሚስዮናውያን ሆስፒታል ከፍተው በሠሩባት፣ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሰደደባት በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ ወንጌላዊ ወዳጄ፣ በእነርሱም ዘንድ «እገሌ በልሳን ይናገራል፤ እኔስ?» እያለ የሚተክዝ ብዙ መሆኑን አጫውቶኛል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች የጻፈው ይህንኑ አይቶ ነው። የእኛን ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተመልከቱ። ዝዋይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም፤ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነገር ግን የሻላ ውሃ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ አይጠጣም፤ ዓሣ የሚሰገርበትና መስክ የሚጠጣው ዝዋይ ነው። ዝዋይ ሻላን ልምሰል ቢል የሚጠማው ብዙ ነው። ደግሞም ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ አቢጃታን ይመግባል፤ የአንዱ ማነስ ለሌላው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ንጽጽር ወደ ላይ ሲያይ ያስቀናል፤ ወደ ታች ሲያይ ያስንቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአዳማ የሰጧት ስም እንኳ ይህን ያስታውሰናል። ከተማዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የቀድሞ ስሟን በይፋ መልሳ ብትይዝም፣ ናዝሬት የሚለው ከብዙዎቻችን አፍ አልጠፋም። የወንጌሏ ናዝሬት ናትናኤል ደህና ነገር ይወጣባታል ብሎ ያላሰባት መንደር ነበረች። መለኪያው ግን ምን ያህል እንደሳተ እናውቃለን።

እኔም ከዚያ ሌሊት በኋላ ዳንኩ ብዬ ነበር። በአደባባይ መስጠት ተውኩ። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ደስ የሚላቸውን ሰዎች እያየሁ በልቤ መሳቅ ጀመርኩ። እንደ ፈሪሳዊው ስላላደረገኝ ማመስገን ቀረሽ! በትሕትናም መወዳደር እንደሚቻል ያን ጊዜ ገባኝ።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ራሴንም ለማጽናናት ያለቻትን ሁሉ የሰጠችውን መበለት አነሣሁ። አባቴ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እርሷ የሰጠችው የራሷን ነው፤ አንተ የሰጠኸው የእኅትህን ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ጌታ የእርሷን ስጦታ ያስተያየው ከቤቷ ከቀራት ጋር ነው። አንተም መለካት ካልቀረልህ በዚያ ተለካ። በየወሩ አስቀድመህ መድኃኒቱን ግዛ፤ ከተረፈህ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይዘህ ና። ስሜ አይጠራ እንዳትል» አሉ።

በተከታዩ ወር ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ቃላቸው ነበር። ከእኔ በፊት የተጠራው ሰው 2,000 ብር ሰጥቷል። ከዚያ «መምህር እገሌ፣ 20 ብር» ተባለ። ጆሮዬ ጋለ። ቀና ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ዓይኔ አሁንም ወደ ጎን መሄዱን አልተወም። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ከሴቶቹ ወገን ግን አንዲት እልልታ ብቻዋን ተሰማች። የእኅቴ ነበረች።