መውጫው ወደ ላይ ነው፤ ትንፋሽህን ግን አትያዝ

 

ጭንቅ ላይ ያለን ሰው «ሶብር አድርግ» ስንለው ምን አድርግ ማለታችን ነው? እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ? ወይስ ሶብር ራሱ ሥራ ነው? መልሱን ዛሬ ከባሕር ውስጥ እንፈልገው።

አንድ ጠላቂ ሲሊንደሩን አዝሎ 10 ሜትር ወርዷል እንበል። ድንገት አየሩ አለቀበት። ነፍሱ ሁለት ነገር ትነግረዋለች፦ «የቀረችህን ትንፋሽ ያዝ! በቻልከው ፍጥነት ወደ ላይ ተወንጨፍ!» ሁለቱም የመዳኛ መንገድ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ሊገድሉት ይችላሉ።

ለምን? 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ከወጣ ያው አየር ላይ ሲደርስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሳንባ ያን ያህል አይለጠጥም፤ ይቀደዳል። አየሩም ደም ውስጥ ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ጉዳት ጥልቅ ባሕር አያስፈልግም፤ 2 ሜትር እንኳ ይበቃል። ሱብሓነላህ! ያድነኛል ብሎ የያዘው ትንፋሽ ራሱ ያጠፋዋል።

ፍጥነቱስ? ታች ሲተነፍሰው የቆየው ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ሟሙቷል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሹ በኩል ይወጣለታል። ከተወነጨፈ ግን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆንበታል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሽባም ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ጠላቂዎች በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ ላለመውጣት ይጠነቀቃሉ፤ አየር ካላቸውም 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ።

የተማረ ጠላቂ አየር ሲያልቅበት መጀመሪያ ራሱን ያረጋጋል። እጁን በአንገቱ ላይ አሻግሮ ለጓደኛው «አየር የለኝም» የሚል ምልክት ያሳያል፤ ጓደኛውም ትርፍ መተንፈሻውን ይሰጠዋል። ጓደኛው ከራቀ ደግሞ መተንፈሻውን ከአፉ ሳያወጣ፣ ወደ ላይ እያየ፣ «አ…» እያለ አየሩን ሳያቋርጥ እያስወጣ በልክ ይዋኛል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፤ ስለዚህ እያስወጣም ወዲያው አያልቅበትም።

ሶብር ማለት ይህ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መቃብር አጠገብ ለምታለቅስ ሴት ሶብር በመጀመሪያው የመከራ ምት ጊዜ መሆኑን አስተምረዋል። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት «ይህን አድርግ» ሲልህ፣ የተማርከውን የምታደርገው።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመልከት። በውርርድ ገንዘቡን የበላ ወጣት «አንዴ ብቻ ልሞክርና ላስመልሰው» ይላል። ዕዳ ያስጨነቀው በወለድ ተበድሮ ዕዳውን ሊከፍል ይሮጣል። ይህ ወደ ላይ መወንጨፍ ነው። ሌላው ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ጭንቀቱን አፍኖ ይይዛል። ይህ ትንፋሽ መያዝ ነው። ወንጀልህን ለሰው ሁሉ አውራ አላልኩህም፤ አላህ የሸፈነልህን ሸፍን። እርዳታ የሚሻውን ችግርህን ግን ለምታምነው ሰው ንገር። «አየር የለኝም» ማለት ነውር አይደለም። ጓደኛህ እጁን አንገቱ ላይ ካደረገ ደግሞ አትፍረድበት፤ መተንፈሻህን አካፍለው።

አንዱ ደግሞ አንድ ኹጥባ ሰምቶ በአንድ ሌሊት ወሊይ ሊሆን ይነሳል። ሌሊቱን ይሰግዳል፣ ቀኑን ይጾማል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈርዱንም ይተዋል። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ፣ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ የሚዘወተረው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ይህ ግን ተውበትን አዘግይ ማለት አይደለም! ቀስ ማለትና መዘግየት ይለያያሉ። ጠላቂው አየር ባለቀበት ቅጽበት ፊቱን ወደ ላይ ያዞራል፤ «ነገ እወጣለሁ» አይልም። አንተም ፊትህን አሁኑኑ ወደ አላህ አዙር፤ ከዚያ በኋላ እርምጃህን በልክ አድርገው።

ነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ.) በዓሣው ሆድ፣ በጨለማ ውስጥ፣ የጌታቸውን አንድነት መሰከሩ፤ ጥፋቱንም የራሳቸው አደረጉ። አላህም አወጣቸው። ልብ በል፤ የብስ ላይ ሲጣሉም ታመው ነበር። አላህ የቅል ተክል አበቀለላቸው። መውጣት የመጨረሻው አይደለም፤ የወጣም ሰው ማገገሚያ ያስፈልገዋል። ከሱስ ወይም ከወንጀል የወጣ ወንድምህን «ገና ነህ» ብለህ አትግፋው፤ ጥላ ሁነው።

ጠላቂ ይህን ሁሉ የሚለማመደው ጥልቁ ባሕር ውስጥ ጭንቅ ሲመጣ አይደለም፤ አስቀድሞ፣ ጸጥ ባለ ውሃ፣ ደጋግሞ ነው። የእኛ ልምምድ በቀን አምስት ጊዜ ተሰጥቶናል። ሰላም በሆንክበት ቀን በሱጁድ ወደ ጌታህ መመለስን የለመደች ነፍስ፣ በጨነቃት ቀን መንገዱ አይጠፋባትም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሰለዋት አብዙ፤ ድምፁን ያጠፋ አንድ ጓደኛችሁንም ደውላችሁ «እንዴት ነህ?» በሉት። አላህ ጭንቅ ውስጥ ያለን ሁሉ በሰላም ያውጣ። አሚን።