ስለ ሁለት ዐይነት ሸክም፤ አእምሮው በዕድገት የዘገየ ልጅ ላላቸው ወላጆችና ለጎረቤቶቻቸው የተጻፈ ምክር

ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ምእመናን በጻፈው መልእክት፥ በስድስተኛው ምዕራፍ፥ ሁለት ቃላት ተቀራርበው ይገኛሉ። በፊተኛው አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲያነሣለት ያዝዛል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰው ሁሉ የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ይህን በማስተዋል የሚያነብ ሰው፥ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። እያንዳንዱ የራሱን የሚሸከም ከሆነ፥ የባልንጀራ ትከሻ ምን ይጠቅመዋል? ባልንጀራው የሚሸከምለት ከሆነስ፥ ለእርሱ ምን ይቀርለታል?

ይህ የመምህራን ክርክር ብቻ አይደለም። ልጇ አራት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ያልተናገረላት፥ ስሙን ስትጠራው ዘወር የማይልላት፥ ከእኩዮቹ ተለይቶ አንዲት ክር ሲያሽከረክር የሚውልባት እናት፥ ይህን ጥያቄ በየማለዳው በልቧ ትጠይቃለች። በጨፋ ሮቢትም ቢሆን በከሚሴም ቢሆን፥ እንደዚህ ያለች እናት ወደ ገበያ ስትወጣ ልጇን ለማን አደራ ሰጥታ እንደምትሄድ ይቸግራታል። አንዳንዲቱ በር ዘግታበት ትሄዳለች፤ አንዳንዲቱም ገበያውን ትተዋለች። ጎረቤት ግን፥ «የራሷ ዕጣ ነው» ብሎ ያልፋል።

ሐዋርያው በጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ሁለቱ ሸክሞች በሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ተጽፈዋል። ፊተኛው ትከሻን የሚያጎብጥ ከባድ ጭነት ነው፤ ሁለተኛው መንገደኛ ሁሉ ይዞት የሚሄደው የየራሱ ጓዝ ነው። ይህን ልዩነት ይዘን ወደዚያች እናት ቤት እንግባ። ልጁን ማጉረስ፥ ማጠብ፥ ማስተማር፥ መውደድ፥ ይህ የእርስዋና የባልዋ ጓዝ ነው፤ ሌላ ሰው በእርስዋ ፈንታ እናት ሊሆንለት አይችልም፥ እርስዋም ይህን ማንም እንዲወስድባት አትሻም። ነገር ግን በዚያ ቤት ሌላ ጭነት ተቀምጦአል፤ እርሱም ኀፍረትና ብቸኝነት ደግሞም አለማወቅ ነው። ይህን ጭነት ልጁ ይዞት አልተወለደም። ሰዎች ከውጭ አምጥተው በላይዋ የጫኑት ነው፤ ሰዎችም ሊያወርዱት ይችላሉ።

እንዴት ተጫነ? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፥ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ፥ የእርሱ ወይስ የወላጆቹ፥ ጌታን ጠየቁት። ጌታ ግን የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነግሮ ጥያቄአቸውን ከሥሩ ነቀለው። ይህ የተነቀለ ጥያቄ እነሆ እስከ ዛሬ በየሰፈሩ ተተክሎ ይገኛል፤ እርግማን ነው፥ ቡዳ ነው፥ ጂን ነው፥ የአባት በደል ነው ይባላል።

ይህም ያልተማረ ሰው ስሕተት ብቻ እንዳይመስልህ። በ1943 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ነገር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት፥ በሽታው የሚመጣው ከእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው ብለው ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ኃጢአተኛ የሚፈልገው ጥያቄ የሊቅ ካባ ለብሶ መጣ። ይህን ትምህርት ካፈረሱት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ እርሱም የሥነ ልቡና ሊቅና የእንደዚህ ያለ ልጅ አባት ነበረ። በ1964 ዓ.ም. ነገሩ የአንጎል እንጂ የአስተዳደግ እንዳልሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቆመ። በእንግሊዝም አገር ወላጆች በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ነበር። ዛሬ ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት የሚነሣ እንደ ሆነ፥ በብዙው ከዘር የሚወረስ ምክንያት እንዳለው፥ የእናት ፍቅር ማነስም እንደማያመጣው ታውቆአል። አንባቢ ሆይ፥ ከእነዚያ እናቶች ላይ ጭነቱን ለማውረድ የተነሡት ራሳቸው የተጫኑት እንደ ነበሩ ልብ በል።

በአገራችንም እንዲሁ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት የሕክምና ስፍራዎች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ፥ ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ ከአራቱም አንዱ ያህል ነገሩን ለመሰወር እንደሚጥሩ ገልጦአል። ይህን ኀፍረት በአደባባይ ከናቁት አንዲቱ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የኦቲዝም ልጅ እናት ሲሆኑ፥ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ልጆች ማዕከል አቋቋሙ፤ በ2021 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች መናገርን አልተዉም። ነህምያ የተባለውንም ሌላ የኦቲዝም ማዕከል በዚያችው ከተማ ወላጆች ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው አቁመውታል።

ምናልባት፥ «ሁለት የደከሙ ሰዎች ቢደጋገፉ አብረው ይወድቃሉ እንጂ ምን ይረዳዳሉ?» የሚል ይኖራል። መልሱ በአባቶች ምሳሌ ውስጥ አለ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። በዚህ ምሳሌ እያንዳንዱ የየራሱን ሎሚ ይዞ እንደሚሄድ ተመልከት፤ ጓዙ አልተወሰደበትም፥ ጭነቱ ግን የለም። የምትጮኽ ልጅን ሌሊት እንዴት ማረጋጋት እንደሚቻል ከሁሉ ይልቅ የምታውቅ፥ ትናንት ሌሊት ያንኑ ያደረገች እናት ናት። «ልጄ ዛሬ ማንኪያ ያዘ» ብትል፥ ሌላው ሰው ምን ያስደንቃል ይላል፤ ያች እናት ግን ዕልል ትላለች።

ደግሞም ጉባኤው ዕንባ መፍሰሻ ብቻ አይሁን፤ ትምህርትም ይኑርበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደነዚህ ያሉ ወላጆች ያዘጋጀው ትምህርት በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሮአል። በእርሱ 9 የኅብረት ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለ፤ ለመምራትም የታላቅ ሐኪም ማዕርግ አይጠይቅም፥ የሠለጠነ ሰው ይበቃል። ወላጁ በልጁ ጨዋታ ገብቶ መጫወትን፥ ምልክትንና ቃልን ጥቂት በጥቂት ማስለመድን፥ የጩኸቱን ምክንያት መመርመርን፥ የገዛ ራሱንም ጉልበት መጠበቅን ይማራል። ጉባኤው የሐሰት ተስፋም አይሽጥ። መናገር የዘገየ ልጅ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ልጅ፥ እየተጸለየለትም ቢሆን፥ ያለ ሐኪም ቃል መድኃኒቱን አያቋርጥ። ጸሎት ከመድኃኒት ጋር አይጣላም።

በወሎ ምድር ለዚህ ሥራ አዲስ ሥርዐት መፍጠር አያስፈልገንም። ቅሬ አለን። ሰው በሞተ ጊዜ ቅሬው ይጠራል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይወጣል፥ መቃብር ይቈፈራል፥ ኀዘንተኛው እንዲበላ ይደረጋል፥ ብቻውንም አይተውም። እንግዲህ ለሞተው ይህን ያህል የምንወጣ ሰዎች፥ ሕያው ልጅ ይዛ በስውር ለምታለቅስ እናት የማንወጣ ስለ ምንድር ነው? ቅሬው በወር አንድ ቀን ቤት ቢሰጥ፥ ቡና ቢያፈላ፥ እንደነዚህ ያሉ ወላጆች በኦሮምኛም በአማርኛም የሚነጋገሩበትን ሰዓት ቢያቆም፥ ጎረቤትም በዚያ ሰዓት ልጆቹን ቢጠብቅ፥ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ታላቅ ጭነት ይወርዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱም ብትጠራ ወደ ሐኪም የሚሄደውን ልጅ ታመለክታለች።

እዚህ ላይ ለክርስቲያን ወንድሞቼ አንድ ብርቱ ነገር እናገራለሁ። በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ አካባቢ ከእነዚህ እናቶች የሚበልጡት እስላሞች ናቸው። ልጁን ለመርዳት ስንቀርብ የእናቲቱን ሃይማኖት ዋጋ አድርገን አንጠይቅ። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ይመለሱ ዘንድ ውል አላስገባቸውም፤ ዘጠኙ ሳይመለሱ ቀሩ፥ መንጻታቸውን ግን አልወሰደባቸውም። የጨፋ መስክ በበጋ የአፋሩን፥ የኦሮሞውን፥ የአርጎባውንና የአማራውን ከብት ሲያበላ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። የክርስቲያን ፍቅር ከሣር ያነሰ ይሆን? ስለ እምነታችን የሚጠይቀን ቢኖር በደስታ እንመልስለት፤ የእናት ዕንባ ግን የምንነግድበት አይደለም።

ጎረቤትም፥ «እነርሱ ማኅበር አላቸው፥ እርስ በርሳቸው ይረዳዱ» ብሎ እጁን አያጥብ። ያልጫኑት ወላጆች ተሰብስበው ጭነቱን ሲያወርዱ፥ የጫነው ቆሞ ሊያይ አይገባውም። የእርሱ ድርሻ ቀላል ነው፤ ልጁን በስሙ ይጥራው፥ ልጆቹን ከእርሱ ጋር ለመጫወት ይላክ፥ እናቲቱን ወደ ሠርግ ከነልጅዋ ይጥራት።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ፍራሽ እንደ ጠገኑ ተጽፎአል። እያንዳንዱ በደጁ ፊት ሠራ፤ ቅጥሩ ግን የሁሉ ሆነ። የሐዋርያው ሁለት ቃላት የሚስማሙት እንዲህ ነው። አንተም አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወረቀት ካነበብህ በኋላ፥ በደጅህ አንጻር ወዳለው ወደ ተዘጋው በር ሂድና አንኳኳ። ጭነትን የሚያወርድ አምላክ ትከሻችንን ያበርታልን። አሜን።