የማይከደን ዐይን፣ የተዘጋ በር

ሰው በር የሚሠራው ለማስገባት ነው ወይስ ለመከልከል? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በደቡብ ሕንድ፣ በማዱራይ ከተማ የሚገኘው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ነው።

ሚናክሺ ማለት ዐይኗ የዓሣ ዐይን የመሰለ ማለት ነው። ዓሣ ዐይኑን አይከድንምና፣ ይህች የሂንዱዎች እንስት አምላክ ሌትና ቀን ሳታንቀላፋ ልጆቿን ትጠብቃለች ይላሉ ምእመኖቿ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ አብዛኛው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የታነጸ ሲሆን፣ 14 ግንቦች አሉት። በአማልክትና በአራዊት ምስል ከተሸፈኑት የበር ግንቦች የሚረዝሙት በውጭው ቅጥር ላይ ያሉት ናቸው፤ የደቡቡ 50 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወደ ውስጥ በተዘለቀ ቁጥር ግን ግንቡ ያጥራል፤ ብርሃኑም ይደበዝዛል። በመጨረሻ የሚደረሰው በመብራት ብቻ ከሚታይ ጠባብ ክፍል ነው። ስሙም በሳንስክሪት «የማኅፀን ቤት» ማለት ነው። እኛ እንደምንረዳው፣ ሰው የውጩን ግርማ ሁሉ እየተወ ወደ ተፀነሰበት ይመለሳል፤ በማኅፀን ውስጥ ደግሞ ጌታና ሎሌ የለም።

ይሁን እንጂ ሕንፃው የሚያስተምረውን ሰዎቹ አልተማሩም። ንክኪያቸው ያረክሳል የተባሉ ወገኖች ግንቡን ከሩቅ ከማየት በቀር ደጃፉን እንዳይረግጡ ለብዙ ዘመን ተከልክለው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 ቫይድያናታ አየር የተባለ፣ ራሱ ከብራህማን ወገን የተወለደ ጠበቃ፣ ጥቂቶቹን ይዞ ገባ። ከካህናቱ አንዳንዶቹ መቅደሱ ረከሰ ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ግን የማድራስ መንግሥት መግባታቸውን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ የማታንቀላፋው እናት ከበር ውጭ የቆመውን ልጇን አላየችም ነበርን? ካየችው፣ በሩን የዘጋው ሰው እንጂ እርሷ አይደለችም። ቅዱስ ነገር በድሃ እግር የሚረክስ ከሆነ፣ ቅድስናው ከድሃው እግር ያነሰ ነው ማለት ነው።

በማዱራይ ላይ ለመፍረድ ግን አንቸኩል። በእኛም አገር ማረሻችንን የቀጠቀጠውን፣ ቆዳችንን የፋቀውን፣ እንስራችንን የሠራችውን «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። በእንስራዋ የተቀዳውን ውኃ እየጠጣን እርሷን ከደጅ አቁመናል። ዛሬ እኛው ራሳችን በሰው አገር ደጅ ጠኚዎች ነን። ያ ልማድ ከጓዛችን ጋር ተሸክመነው መጥተን እንደሆነ እንመርምር። ደጅ መጥናትን ያወቀ ሰው፣ የራሱ በር ሲኖረው በሌላው ላይ ሊዘጋው አይገባም።