ድመቷን ማን ይክሰሳት?

አቃቂ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ከእህቴ ልጅ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። የአከራያችን የእማማ ጓዳ ጤፍ አያጣም። ጤፍ ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበትም ድመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሮ የግቢው ባለሥልጣን ናት። ደመወዟ የእንጀራ ፍርፋሪና አልፎ አልፎ የሳንባ ቁራጭ ቢሆንም፣ ሥራዋን ከብዙዎቻችን በተሻለ ትወጣዋለች።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያሽከረክር አንድ ጎረቤታችን ከአዋሽ ቆላ ሁለት ትናንሽ ኤሊዎች በካርቶን ይዞ መጣና ለእህቴ ልጅ ሰጠው። መጠናቸው ከሲኒ ማስቀመጫ አይበልጥም ነበር። ልጁ በደስታ ሰከረ። እኔም «ድንጋይ ልብሱ የምትባልን እንስሳ ምን ይነካታል?» ብዬ ግቢው ውስጥ ለቀቅኳቸው።

ተሳስቼ ነበር። የትልቅ ኤሊ ቅርፊት በእርግጥ ምሽግ ነው፤ የጨቅላዋ ግን ገና ያልጠነከረ ነው። እግሯና አንገቷም ሁልጊዜ ተሰብስበው አይኖሩም። በዚያ ላይ ተሳቢ እንስሳት የገላቸውን ሙቀት ከፀሐይ የሚበደሩ ፍጥረቶች ናቸው። ለመሞቅ ወደ ገላጣ ሥፍራ መውጣት አለባቸው፤ ያ ገላጣ ሥፍራ ደግሞ ድመት በቀላሉ የምታያቸው ነው። ድመት ጠግባም ቢሆን ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየች እጇ አያርፍም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ውሮ አንደኛዋን በጀርባዋ ገልብጣ ስትጫወትባት ደረስን። የኋላ እግሯ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቁስል ነበረች። በውኃ አጠብኳትና «ጭረት ናት፣ ትድናለች» አልኩት። በአምስተኛው ቀን ኤሊዋ ዓይኗን አልገለጠችም። የእንስሳት ሐኪም የጠየቅሁት ከሞተች በኋላ ነው። በድመት አፍ ውስጥ ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ እንደሚኖር፣ የጥርሷ ቀዳዳ ከላይ ቢደፈንም ከውስጥ እንደሚመረቅዝ፣ ድመት የነከሰችው ተሳቢ እንስሳ ቁስሉ ምንም ያህል ቢያንስ በዚያው ቀን መታከም እንዳለበት ነገረኝ። «ጭረት ናት» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ልጁ ግን ተከሳሹን ቀድሞ አግኝቷል። ጆንያ ይዞ መጣ፤ «አጎቴ፣ በዚህ ከተን ከወንዙ ማዶ እንጣላት!» አለኝ። እማማ ከጓዳቸው ሰምተው ኖሮ፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ እኔ አይጥ ትያዝ ብዬ ነው ያመጣኋት፣ ኤሊ አትንኪ ብዬ መች አስተማርኳት ልጄ?» አሉት።

ተረቱን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው አስመሳይን ሰው ለመውቀስ ነው። ለድመቷ ለራሷ ሲነገር ግን ነፃ የሚያወጣ ፍርድ ይሆናል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ገደማ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገልጿል። ይህን ያህል ዘመን አብራን ስትኖር የፈለግነው አዳኝነቷን ነው። ጓዳ ውስጥ «ጎበዝ!» ያልናትን ጥርስ ይዛ ደጅ ስትወጣ፣ «ነፍሰ ገዳይ» እንላታለን። ጥርሱ ግን ያው ነው።

ታዲያ ማን ይከሰስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 ላይ፣ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆን እንኳ። ሕጉ እንስሳውን አይጠይቅም። በሕግ ዓይን ጣት ወደ እማማ ይጠቆም ይሆናል። ሆኖም ውሮ ከእኔም ከኤሊዋም በፊት እዚያ ነበረች። ደካማዋን ወደ ብርቱዋ ደጅ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«በበረሃውስ ቢሆን አሞራ ይበላት አልነበረም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ጨቅላ ኤሊ በአሞራም በአውሬም ትበላለች። ነገር ግን እዚያ ቁጥቋጦ፣ ጉድጓድና ከአፈሩ ጋር የሚመሳሰል መልክ ነበራት። እኛ እነዚህን ሁሉ ነጥቀን የተጠረገ ግቢ ሰጠናት። መሸሸጊያን የነጠቀ ሰው ራሱ መሸሸጊያ ካልሆነ፣ «ተፈጥሮ ነው» የማለት መብት የለውም።

የሰው ልጅ ይህን ስህተት በትልቁም ፈጽሞታል። በኒውዚላንድ ስቲቨንስ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የመብራት ማማ ሠራተኞች ሲሰፍሩ ድመትም አብራ ገባች። ድመቶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መብረር የማትችል አንዲት ትንሽ ወፍ ከደሴቲቱ አጠፉ። ደሴቲቱ ቱዋታራ የተባለው የጥንት ዘር ተሳቢ እንስሳም መኖሪያ ናት። በመጨረሻም ድመቶቹ ከደሴቲቱ እንዲጠፉ ተደረገ። ያመጣቸው ሰው ነበር፤ የተቀጡት ግን እነሱ ናቸው። የእህቴ ልጅ ጆንያም ከዚህ ፍርድ አይለይም።

ነገሩ ከእንስሳም ያልፋል። ትንሽ ልጅን ከገጠር አምጥቶ ለማያውቀው ቤት በሠራተኛነት ያስረከበ ሰው፣ ክፉ ነገር ሲደርስባት «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል። ያደረገውማ ማምጣቱን ነው።

ለተረፈችው ኤሊ የእንጨት ሣጥን ሠራን። ክዳኑ የድመት እጅ የማያስገባ ጠባብ ሽቦ ነው፤ መቀርቀሪያም አለው። ቆፍራ እንዳትወጣ ግድግዳውን አፈር ውስጥ አጠለቅነው። ግማሹን ለፀሐይ፣ ግማሹን ለጥላ ተውነው። ሲመሽ በሩ ወደሚዘጋው ክፍል እናስገባታለን። ልጁም ኤሊዋን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ያስተላልፋሉና።

ሣጥኑ ግን ለዘለቄታው መልስ አይሆንም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ሕጋችን ይከለክላል፤ የሕጉን መንፈስ ሣጥን ሠርቼ ላመልጠው አልችልም። አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር ወስዶ መልቀቅም ሌላ በደል ነው፤ ደጋው የቆላ ኤሊ አገር አይደለም። ስለዚህ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ላስረክባት ወስኛለሁ። ለልጁ ስነግረው አለቀሰ። «ድመቷ ናት የወሰደችብኝ» እንዳይል ግን፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

እስከዚያው ማታ ማታ መቀርቀሪያውን ሳላይ አልተኛም። ውሮ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አልቀየማትም፤ እሷ ሥራዋ ነው። የእኔ ሥራ መቀርቀሪያው ነው።